እንሰት የፋቅሁ ዕለት

እኔ እንሰት ስፍቅ እጅ ከፍንጅ የተያዝኩ ወንድ ነኝ። ከእኔ በፊት የፋቀ ወንድ በወላይታ ምድር ይኖር ይሆናል፤ ግን አልተያዘም። እኔን የያዙኝ ሦስት ሴቶች ናቸው፤ ያውም አንድ እግሬን ወደ ሰማይ ሰቅዬ፣ ጢሜ በእንሰት ጭማቂ ተለውሶ። ሌላ ሰው በየሰርጉ አጣሞ ከሚያወራብኝ ራሴ ብጽፈው ይሻላል ብዬ ነው የተቀመጥኩት።

ለማያውቅ ሰው ልንገረው። በእኛ አገር እንሰትን ወንድ ይተክላል፣ ነቅሎ ያዛውራል፣ ሲያድግም ቆሞ ያደንቃል። ከዚያ በኋላ ያለው የሴት ነው። ሴቶች ጓሮ ገብተው መፋቅ ሲጀምሩ ወንድ በዚያ አያልፍም፤ መንገዱ በዚያ ቢሆንም ዞሮ ይሄዳል። ቆጮውን እስኪጠግብ በልቶ እንዴት እንደተሠራ የማያውቅ መምሰል የወንድ ልጅ ጨዋነት ነው። እኔም እስከዚያ ቀን ድረስ ጨዋ ነበርኩ።

ዘመኑ የጃንሆይ ነው። ሶዶ ከተማ ዳር፣ ዳሞት ተራራ ሥር ቤት ሠርቼ ከእናቴና ከሚስቴ ጋር እኖራለሁ። ሥራዬ አናጢነት ነው፤ በርና መስኮት፣ ለጸሎት ቤትም አግዳሚ ወንበር እሠራለሁ። ራሴን ትልቅ ሰው አድርጌ የምቆጥርበት ሁለት ምክንያት ነበረኝ፤ አንደኛ ኪሴ ውስጥ ሜትር አለ፤ ሁለተኛ አማርኛ እችላለሁ።

የመጀመሪያ ልጃችን እናቱን ሁለት ቀን አስምጦ መጣ። ጭንቅላቱ ትልቅ ነበር፤ ጭንቅላቱ ደግሞ የእኔ ነው፤ ይህን ጥፋቴን ክጄ አላውቅም። ሚስቴ ተረፈች፣ ልጁም ጮኸ፣ እኔም ያማጥኩት ራሴ ይመስል ደጅ ቆሜ ላቤን ጠረግሁ። አራስ በእኛ ዘንድ ንግሥት ናት። እናቴ በቅቤ የራሰ ገንፎና ትኩስ ወተት እያቀረበች፣ አንድ ሥራ ሳታስነካት ከሁለት ወር በላይ አኖረቻት። ከአራስ ቤት የወጣች ሴት ጉንጯ ሞልቶ፣ ቆዳዋ አብርቶ ገበያ ስትወርድ ሰው ሁሉ "እሰይ!" ይላል፤ የአማትየዋ ክብር የሚመዘነው በዚያ ጉንጭ ነው። የሚስቴ ጉንጭ የእናቴን ስም የሚያስጠራ ጉንጭ ነበር።

ችግሩ ጉንጯ ላይ አልነበረም። ከእምብርቷ በታች፣ በዳሌዋ አጥንቶች መካከል፣ ውስጥ ለውስጥ የሚጠዘጥዝ ሕመም ነበራት። የወሊዱ ቁስል ደርቋል፤ ደሙ ቆሟል፤ ትኩሳት የላትም። ሕመሙ ግን እንደ እንግዳ መጥቶ እንደ ባለቤት ተቀመጠ። "እንደ ጥርስ ሕመም ነው፤ ጥርሱ ግን የት እንዳለ አይታወቅም" ትለኝ ነበር። አንዳንድ ቀን ደግሞ ፍም የተቀመጠባት ይመስላታል። በርጩማ ላይ የምትቀመጠው በአንድ ጎኗ ነው፤ ስትነሣ ምሰሶ ትይዛለች። ከአራስ ቤት በወጣችበት የገበያ ቀን ቀጥ ብላ ሄደች፤ ስትመለስ ግን መንገድ ዳር ቁጭ አለች። የሚያልፈው ሰው ጉንጯን አየና "ይህች ደግሞ የበላችው ቅቤ ከብዷት ነው" አለ።

እናቴ መጀመሪያ በቅቤ አሸቻት፤ እውነቱን ለመናገር ከልቧ ነው ያሸቻት። ቀጥላ ሥር ቀጥቅጣ አጠጣቻት። የጸሎት ቤታችን ሽማግሌዎች መጥተው ጸለዩላት። በዚያ ሳምንት ተሻላት፤ በሚቀጥለው ተመለሰባት። ሽማግሌዎቹ ይህን ሲሰሙ ዞረው እኔን አዩኝ። ኃጢአት ከተፈለገ በማን በኩል እንደሚገኝ ያውቃሉ።

ስለ መኝታችን ብዙ አልጽፍም፤ የልጅ ልጆቼ ማንበብ ይችላሉ። ብቻ ወደ እሷ ዞር ስል ትንፋሿን ትይዝ ነበር። እኔ ወጣት ነኝ፤ ጅልነቱም ከወጣትነቱ ይበልጣል፤ ያንን የተያዘ ትንፋሽ "ጠልታኛለች" ብዬ ፈታሁት።

በመጨረሻ በቅሎ ተውሼ ወደ አንድ የሚሲዮን ሐኪም ቤት ወሰድኳት። ሐኪሙ ፈረንጅ ነው፤ አማርኛ በመጠኑ ይችላል፤ ወንዱን ሁሉ ግን "አንቺ" ይላል። አጠገቡ ድሬሰር የሚሏት ረዳቱ፣ አንዲት የአገራችን ልጅ፣ ቆማለች። ሚስቴ ከወላይትኛ በቀር ስለማትችል አስተርጓሚው እኔ ሆንኩ፤ ደረቴን ነፋሁ።

"ሽንት ስትሸና ያማታል?" አለ ሐኪሙ።

"አያማትም" አልኩ ፈጥኜ።

"አልጠየቅሃትም እኮ" አለች ድሬሰሯ።

ሐኪሙ ቀጠለ፤ "ከባል ጋር ስትገናኝስ?"

ጆሮዬ ጋለ። "እሱ... እሱ ጥሩ ነው" አልኩ።

ድሬሰሯ በወላይትኛ ተቀበለችኝ፤ "ለማን ነው ጥሩ? ለአንተ ነው ወይስ ለእሷ?" ወዲያውም ወደ በሩ አመለከተችኝ። "ውጣ! አናጢ ነኝ ብለሃል አይደል? በሩን መርምረው፤ ይንቋቋል።"

ወጥቼ በሩን መረመርኩት። እውነትም ማጠፊያው ላልቷል። ከውስጥ የሚስቴ ድምፅ ይሰማኛል፤ ቃሉ አይለይም፤ ግን ያን ያህል ረዥም ስታወራ ከተጋባን ወዲህ ሰምቻት አላውቅም። ብዙ ከቆዩ በኋላ ጠሩኝ።

"ሚስትሽን በደንብ አየኋት" አለ ሐኪሙ፤ አንቺ የተባልኩት እኔ ነኝ። "ቁስል የለም፤ እጢ የለም፤ መግል የለም። ምክንያቱን አላገኘሁም። አላገኘሁም ማለት የለም ማለት አይደለም። ሕመሟ እውነት ነው። ከባድ አትሸከም፤ በሚያማት አቀማመጥ አትቀመጥ፤ መኝታም ላይ እሷ ስትፈቅድ ብቻ። ሁለት ወር ቆይታችሁ ተመለሱ።"

አሁን ወደ ትልቁ ጥፋቴ ደረስኩ። እናቴ ደጃፍ ላይ ቆማ ትጠብቀን ነበር። ሚስቴ ገና ከበቅሎዋ አልወረደችም።

"ምን አለ ሐኪሙ?" አለች እናቴ።

የሐኪሙን ንግግር በመንገድ ላይ በልቤ ሳመላልሰው ነው የመጣሁት። ግማሹ ለእናት የሚነገር አይደለም፤ ያሳፍራል። ሌላው ግማሽ ለእኔም አልገባኝም፤ በሜትር ያልተለካ ነገር እንዴት አለ ይባላል? ስለዚህ ንግግሩን እንደ ጣውላ ላግሁት፣ ላግሁትና አንድ ስንጣሪ አደረግሁት።

"ምንም የለባትም አለ" አልኩ።

እናቴ ሚስቴን ከእግር እስከ ራሷ አየቻት። "ጠርጥሬ ነበር" አለች። "ቅቤዬ ነው አልጋ ያስለመዳት።"

ሚስቴ አላለቀሰችም። እኔን ብቻ አየችኝ። ከዚያ ቀን ጀምሮ አመመኝ ማለት ተወች። እኔም ዝምታዋን መዳን ነው ብዬ፣ እሑድ ጉባኤ መካከል ቆሜ ስለ ሚስቴ ጤንነት ምስጋና አቀረብኩ። እሷ ከሴቶች በኩል በአንድ ጎኗ ተቀምጣ ሰማችኝ።

ልጁ ዓመት ሊሞላው ሲል የእንሰት መፋቂያ ጊዜ ደረሰ። ሚስቴ ግማሽ ቀን ፋቀችና ሦስት ቀን ተኛች። በሦስተኛው ቀን እናቴ የምሠራበት ዳስ ድረስ መጣች።

"ልጄ፣ ሐኪም ምንም የለባትም ያላት ሴት ሦስት ቀን ትተኛለች?"

"ትንሽ ደክሟት ይሆናል፣ እማዬ።"

"እኔ አንተን ወልጄ አልደከመኝም? ወይ ትሥራ፣ ወይ እናቷ ዘንድ ትሂድ። የሚሠራ እጅ ከጠፋ ሌላም ሴት አለች።"

እኔም ጀግናው ሄጄ ለሚስቴ እንዲህ አልኳት፤ "እስቲ በርታ በይ። ቅጠል መፋቅ ነው እኮ፤ ጣውላ መላግ አይደለም።"

ከስንት ወር በኋላ ሳቀች። ሳቁ ግን ደስ የሚል አልነበረም።

"ቅጠል መፋቅ ነው?"

"ነው።"

"እንግዲያው ፋቅ።"

"ወንድ ነኝ እኮ!"

"እሱንማ አውቃለሁ፤ ሐኪም ቤት በር ላይ ቆመህ አይቼሃለሁ።" ከዚያ ድምፅዋን ዝቅ አደረገች። "ስማኝ፣ አንተ አናጢ። ወንድሜ ዘንድ መልእክት ልኬያለሁ፤ ሐሙስ በቅሎ ይዞ ይመጣል። ልጄን ይዤ እሄዳለሁ። እስከዚያ አንዲት እንሰት ብቻ ከጫፍ እስከ ጫፍ ፋቅ። ፍቀህ ስትነሣ 'ቀላል ነው' ካልክ ውሸታሟ እኔ ነኝ፤ እቀራለሁ፣ አፌንም ዘግቼ እፍቃለሁ። ካልቻልክ ግን ሐኪሙ ያለውን ሁሉ፣ አንድም ሳትቀንስ፣ እናትህ ፊት ትናገራለህ።"

ደረቴን አየሁት፤ ክንዴን አየሁት። የወይራ ግንድ በመጋዝ የምሰነጥቅ ሰው ነኝ። ልቤ ውስጥ አዘንኩላት፤ ልትሸነፍ ነው ብዬ።

በማግስቱ ጠዋት እናቴ ገበያ ወረደች፤ እኔ ጓሮ ገባሁ። ሚስቴ ልጁን ታቅፋ፣ በደረቀ የእንሰት ቅጠል ላይ በጎኗ ተጋድማ አስተማሪ ሆነች። የእንሰት ግንድ ወፋፍራም ሽፋን እየደራረበ የሚያድግ ነው። አንዱ ሽፋን ተላጥቶ፣ ዘመም ብሎ በቆመ ሳንቃ ላይ ይነጠፋል። ፋቂዋ ከሳንቃው ፊት መሬት ትቀመጥና አንድ እግሯን ሽቅብ አንሥታ የሽፋኑን ጫፍ በተረከዟ ትቸነክረዋለች። ከዚያ የቀርከሃውን መፋቂያ በሁለት እጇ ይዛ ቁልቁል ትስባለች፤ ሥጋው ይወርዳል፣ ቃጫው ይቀራል። ሲያዩት እንዲህ ነው።

"ተረከዝህን ከፍ አድርግ" አለችኝ።

"ከፍ አድርጌዋለሁ።"

"ከራስህ በላይ!"

"እግሬ እስከዚያ አይሄድም።"

"የእኔ እየሄደ ነው ቆጮ የምትበላው።"

የመጀመሪያውን ሽፋን እያንጎራጎርኩ ጨረስኩ። ሁለተኛው ከተረከዜ አምልጦ አፍንጫዬን መታኝ። ጭማቂው ዓይኔ ገባ፤ አንገቴን ያሳክከኝ ጀመር። በሦስተኛው ላይ ዜማው ቆመ። ክንድ ነው የሚሠራው ብዬ ነበር። ክንድማ ተከታይ ነው። ግፊቱ ከተረከዝ ይነሣል፣ በጭን በኩል ይወርዳል፣ ወገብን ይጠመዝዝና በዳሌ አጥንት መካከል ይሰበሰባል፤ ልክ ሚስቴ ዓመት ሙሉ መዳፏን የምታሳርፍበት ቦታ ላይ። አናጢ ነኝ፤ ክብደት የት እንደሚያርፍ ማወቅ እንጀራዬ ነው። የጣሪያው ሸክም የትኛው ምሰሶ ላይ እንደሚወድቅ ሳላይ በር ሰቅዬ አላውቅም። አብራኝ የምትተኛውን ሰው ግን ዓመት ሙሉ አላየሁም። እኔ ያልወለድኩት፣ ጤነኛው፣ በሦስት ሽፋን አቃሰትኩ።

በአራተኛው ላይ ጭኔ ተኮማተረና እግሬ እላይ ቀረ። ቢሉት ቢሠሩት አይወርድም።

"አውርደው" አለች ሚስቴ።

"እምቢ አለኝ።"

ሳቀች፤ አሁን እውነተኛ ሳቅ። እየሳቀች ከእምብርቷ በታች በእጇ ያዘች፤ ሳቅም ያማታል። ሳቋን ሰምተው ነው ጎረቤታችን የሆኑት አሮጊት ከሁለት ሴቶች ጋር ብቅ ያሉት።

"ኧረ ጉድ!" አሉ አሮጊቷ።

"እንዴት አደርሽ፣ እመቤት!" አለች አንዷ ለእኔ።

"መቼ ነው ያገባሽው? ለሰርጉ ሳትጠሪን!" አለች ሌላዋ።

"ተረከዝሽ ደህና ነው" አሉ አሮጊቷ ዙሪያዬን ዞረው እያዩ፤ "ቁምጣሽን ግን ሰብሰብ አድርጊ፣ ልጄ።"

ሳቁ መንገድ ድረስ ተሰማ። እናቴ ከገበያ መመለሷ ነበር፤ ከነቅርጫቷ ጓሮ ገባች። ልጇን አየችው። ቅርጫቷ ከእጇ ወደቀ።

"ልጄን ምን አደረጋችሁት?"

ሚስቴ ሳቋን አቁማ ዓይኗን ጣለችብኝ። ቃል ቃል ነው። መነሣት ስላልቻልኩ እዚያው መሬት ላይ ሆኜ ተናገርኩ።

"እማዬ፣ ሐኪሙ ምንም የለባትም አላለም። 'ምክንያቱን አላገኘሁም፤ ሕመሟ ግን እውነት ነው' ነው ያለው። ምንም የለባትም ያልኩት እኔ ነኝ። ከባድ አትሸከም ብሏል፤ ደብቄሻለሁ። በሚያማት አቀማመጥ አትቀመጥ ብሏል፤ ይኸው ነው አቀማመጡ።" ሳልቀንስ ብያለሁና የመኝታውንም ጨመርኩ። ሐኪሙ ሲጠይቅ "ጥሩ ነው" ብዬ የመለስኩት እኔ መሆኔን፣ እሷ ግን ትንፋሿን ይዛ የምትችለው መሆኑን ተናገርኩ።

ከሴቶቹ የሳቀ የለም። አሮጊቷ ጎረቤታችን መሬት መሬት እያዩ፣ "እኔ የመጨረሻዬን ከወለድኩ ጀምሮ ነው" አሉ።

"ምንሽን?" አለች እናቴ።

"እሱኑ።"

"ለምን ሳትነግሪኝ?"

"ማን ሐኪም አይቶኝ!"

እናቴ ቅርጫቷን አነሣች። "ተነሥና ፊትህን ታጠብ" አለችኝና ወደ ቤት ገባች። ይቅርታ የሚባል ነገር ከአፏ አልወጣም፤ እኔም አልጠበቅሁም።

ያን ቀን ከሰዓት በኋላ ዳሴ ውስጥ ገብቼ የተረከዝን ሥራ የሚሠራ እንጨት መሥራት ጀመርኩ። የመጀመሪያው ተፈናጥሮ ዶሮ መታ። ሚስቴ መጥታ አየችው። "ለምን መቀመጥ አስፈለገ? ሳንቃውን አቁመው፤ እኔም ልቁም" አለች። ይህን የሚያህል ነገር ባለሜትሩ አላሰብኩትም። ሳንቃውን በሁለት ቋሚ መካከል አቆምኩት፤ ከላይ አግዳሚ እንጨት አደረግሁ፤ ሽፋኑ በዚያ ሥር ገብቶ በወይራ ሽብልቅ ይያዛል። ረቡዕ ጠዋት ቆማ ሞከረችው። ስድስት ሽፋን ፋቀች፤ ሲበቃት ራሷ አቆመች። እናቴ ከሩቅ አይታ፣ "ይህ መፋቂያ ነው ወይስ የበር ጉበን?" ብላ አለፈች።

መሣሪያዬ ሕመሙን አዳነው ብል ደስ ባለኝ። ሐሙስ ሕመሙ ያለ ምክንያት እንደ ልማዱ መጣ፤ ሚስቴ ከመደብ መነሣት አልቻለችም። ወንድሟ በቅሎውን ይዞ ሲደርስ በጎኗ ተኝታ ነበር።

"እኅቴ፣ ተነሺ እንጂ" አለ በሩ ላይ ቆሞ። "ዕቃሽ የታለ?"

ሚስቴ ዓይኗን ወደ ጓሮው በር ጣለች። እኔ የድርሻዬን ተናግሬያለሁ፤ እሷ የምትጠብቀው የሌላ ሰው አፍ ነው። እኔም በበኩሌ በሕይወቴ ለመጀመሪያ ጊዜ ሳልጠየቅ ላለመናገር ወስኜ ጥጌን ይዤ ቆምኩ። ከባድ ነው፤ ከመፋቅ አይሻልም።

እናቴ ከጓሮ በኩል መጣች። እስከ ክንዷ ድረስ የእንሰት ፍቅፋቂ ነው፤ ከንጋት ጀምሮ የሚስቴን ድርሻ ስትፍቅ ነው የቆየችው። ቆማ ሳይሆን ተቀምጣ፣ በድሮው ሳንቃ። ሰውዬውን አየችው፤ በቅሎዋን አየቻት።

"የት ልትወስዳት ነው?" አለች።

"ቤቷ ነዋ፣ እናቴ።"

"ልጄ ታማለች" አለች እናቴ። "የታመመ ሰው በዳገት በበቅሎ አይንገላታም። ግባና ወተት ጠጣ፤ ጠጥተህ ሂድ።"

ሚስቴ ፊቷን ወደ ግድግዳው አዞረች። ትከሻዋ ሲንቀጠቀጥ እየሳቀች ነው ብዬ ጠጋ አልኩ፤ አልነበረም። ወንድሟ ወተቱን ጠጣ፤ በቅሎዋም ባዶዋን ሄደች።

ከተባልነው ሁለት ወር ብዙ ዘግይተን ሐኪሙ ዘንድ ተመለስን። በር ላይ የቆምኩት ማንም ሳያዘኝ ነው። ሐኪሙ አሁንም ምክንያቱን አላገኘውም፤ እሷም ሌላ ቦታ ሄዳ አልፈለገችውም። ሕመሙ አልሄደም። የሚጠነክርበት ወር አለ፣ የሚተኛበት ወር አለ። ሁለት ልጆች ጨመርን፤ ሁለቱም ጭንቅላታቸው የእናታቸው ሆነ፤ ተመስገን። ጎረቤት ሴቶች ያንን "ጉበን" ሊያሠሩ ይመጡ ነበር። ሁሉም "ለልጄ ነው" ይላሉ፤ ቁመቱን ስጠይቃቸው ግን የራሳቸውን ቁመት ይነግሩኛል። እኔም ሜትሬን አውጥቼ ዝም ብዬ እለካለሁ።

መንገድ ስንሄድ ማረፊያዎቿን አውቃቸዋለሁ። ከሶዶ ቁልቁል ወደ ተበላ ከተማ ስድስት ናቸው። ሰው እያያት መቀመጥ አትወድም፤ ስለዚህ አንድ ዘዴ አለን፤ ገና ከንፈሯን ስትነክስ እኔ ቀድሜ "ወይ ጉልበቴ!" ብዬ መንገድ ዳር እዘረጋለሁ። በዚህ የተነሣ እስከ ሁምቦ ቆላ ድረስ ሰነፍ ተብዬ ታውቄያለሁ። አንድ ጊዜ ለዘመድ ሰርግ ስንወርድ በአራተኛው ማረፊያ ላይ ተጋድሜ ሳለሁ አንድ በበቅሎ የሚያልፍ ሽማግሌ ቆም አለ።

"አንተ ጎልማሳ፣ አታፍርም? ሴቲቱ ቆማ አንተ ትተኛለህ?"

"ምን ላድርግ፣ አባቴ፤ አቅም የለኝም" አልኩ።

ሚስቴ ነጠላዋን ሰብስባ ቀስ ብላ አጠገቤ ተቀመጠች፤ በአንድ ጎኗ።

"ይተዉት፣ አባቴ" አለች። "ደካማ ነው። እኔ እዚህ ተቀምጬ እጠብቀዋለሁ።"